ከአረር ቤቱ ደጃፍ

አባትየው የቀለጠውን እርሳስ በጭልፋ ፎርማው ውስጥ ጠብ ሳያደርግ ቀድቶ ቀና ሲል፣ ልጁን በሩ ላይ ቆማ አያት።

«መጣሽልኝ? ግቢ እንጂ» አላት። «ዛሬ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው።»

«እዚሁ ይሻለኛል፣ አባዬ።»

ቅዳሜ ከሰዓት የሁለቱ ነበር። አባትየው ባትሪ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት እርሳስ ሲያቀልጥ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ጓሮ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለዚሁ ሥራ አደረጋት። እሱና አራት ጓደኞቹ ከአያቶቻቸው ዘመን የቀሩ የጦር ጠመንጃዎች አሏቸው፤ እሁድ እሁድ ኢላማ ይተኩሱባቸዋል። ለእነዚያ ጠመንጃዎች የሚሆን ጥይት የሚሠራ ፋብሪካ ከጠፋ ቆይቷልና አረሩን ራሱ ያወጣል። ልጁ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ አጠገቡ ናት። እሱ ይቀዳል፤ እሷ የቀዘቀዘውን አንድ በአንድ በጣቷ እያሽከረከረች ታያለች፣ የተሸበሸበውንና ጫፉ ያልሞላውን ወደ ድስቱ ትመልሳለች፣ የቀረውን በትንሿ ሚዛን ትመዝናለች። ዓይኗ ምሕረት ስለማያውቅ «ሚዛኔ» ይላታል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ የሒሳብ መምህርት ሆናና ትዳር ይዛም ቅዳሜን አልተወችም ነበር። ከሦስት ወር ወዲህ ግን የፈተና ወረቀት በዛብኝ እያለች ቀርታ፣ ዛሬ ገና ብቅ ማለቷ ነው።

«ነገ ውድድር አለብን እኮ» አለ ፎርማውን በእንጨት መዶሻ መታ መታ አድርጎ እየከፈተ። የሚያብረቀርቅ አረር ጨርቁ ላይ ዱብ አለ። «ያ መላጣ ጓደኛዬ ባለፈው ካሸነፈ ወዲህ ደረቱን ነፍቶ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛል። ያንቺ ዓይን ካላረፈበት ነገ መሳቂያ ነኝ።»

«ዛሬ አንተው እየው። እኔ ከዚህ ሆኜ አጫውትሃለሁ።»

«ምነው፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?»

«አንተን ተቀይሜ የት እደርሳለሁ?»

ፈገግ አለች። በመስኮት የገባ ነፋስ የድስቱን ሽታ ወደ በሩ ሲገፋው ግን ቶሎ ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ የአንገት ልብሷንም ወደ አፍንጫዋ አነሳች።

ያኔ የአባትየው እጅ ከነጭልፋው አየር ላይ ቀረ።

ፋብሪካ ሳለ አንዳንድ ጠዋት እንዲህ ይሆን ነበር። ከማቅለጫው ክፍል ሴቶች አንዷ በሩ ላይ ትቆምና አልገባ ትላለች። አለቃቸው የነበረችው ሴት ምንም አትጠይቅም፤ ሌላውም እንዲጠይቅ አትፈቅድም። «ነይ፣ ማሸጊያ ክፍል ሰው ጎድሏል» ብላ ይዛት ትሄዳለች። እርሳስ ለጽንስ መርዝ መሆኑን እዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም።

ልጁ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛለች። ሁለቱንም ጊዜ፣ ገና በሁለተኛው ወር፣ አፉ አላርፍ ያለው እሱ ነበር። ለመላጣው ነገረ፣ ለጎረቤት ነገረ፣ ለፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ነገረ። ሁለቱም ጽንሶች አልሰነበቱም። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «እንዴት ነው ሆድሽ?» እያለ ቁስሏን ነካካው። አንድም ቀን አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው ኖሮ ይሻለው ነበር።

አሁንም ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠው። ሆድ ይፍጀው።

«እኔም ዛሬ ሰልችቶኛል» አለና ጋዙን ዘጋ።

«አባዬ፣ ድስቱ ሙሉ ነው። ነገስ?»

«መላጣው አንድ እሁድ ቢያሸንፍ ፀጉር አያበቅል።»

ልጁ ሳቀች። አረፍ እንድትል ወንበር ሊያወጣላት እጁን ሰደደና እጁን አየው፤ ጓንቱን አውልቆም ጣቶቹ ጥቁር ነበሩ። ወንበሩን ተወው።

«ፈቀቅ በይልኝማ፣ ልለፍ።»

ሽርጡን እዚያው ወለሉ ላይ ጥሎ፣ ግድግዳውን ታክኮ፣ ልብሱ እንዳይነካት ተሰብስቦ አለፈ። ግቢው መሐል ያለው ቧንቧ ጋ ሲደርስ ሸሚዙንም አወለቀና በካናቴራ ቀረ። እጁን እስከ ክርኑ፣ ከዚያ እስከ ትከሻው በሳሙና አሸ። የጥፍሮቹን ሥር በልብስ ብሩሽ ፈተገ።

የወጥ ቤቱ መስኮት ተከፈተ። «ምን ሆነሃል፣ ሰውዬ?» አለች ሚስቱ። «በዚህ ብርድ ይራቆቷል? ኋላ ስታስል ልታሳድረኝ ነው።»

«ሞቆኝ ነው።»

«ሞቆት ነው አሉ» ብላ ለራሷ አጉረምርማ መስኮቱን መለሰችው።

ልጁ ከኋላው መጥታ ቆመች። በዚያ ብርድ መፈተጉን አልተወም። እናቷ ከመስኮቱ ዘወር እስክትል ጠበቀች።

«አሥራ ስድስት ሳምንት ሞላኝ» አለችው በዝግታ።

እጁን ማሸቱን አቆመ። ውሃው ብቻ ይወርዳል። «እኔ አልጠየቅኩሽም እኮ» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«አውቃለሁ። ስላልጠየቅከኝ ነው የነገርኩህ።»

«ሐኪሙስ?»

«ደህና ነው አለ። እዚህ ድረስ ቆይቶልኝ አያውቅም፣ አባዬ።»

«ለማንም አልተነፍስም።»

«ለፀጉር አስተካካዩም?»

«አልሄድበትም። ፀጉሬን አሳድጋለሁ።»

ልትስቅ ከንፈሯን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። አባትየው ዞረና እንባዋን ሊጠርግላት እርጥብ እጁን ወደ ጉንጯ ላከ። ሊነካት የጣት ያህል ሲቀረው አቆመው። ወደ አፍንጫው መልሶ አሸተተው። ከዚያ ወደ ቧንቧው ዞሮ ሳሙናውን እንደገና አነሳ፤ ልጁም ጉንጯን ወደ እሱ እንዳዘነበለች ጠበቀችው።