የእናቷ እርሾ

ሥራና ሁለት ሕፃናት ወጥረው ቢይዟትም፣ እናቷ ትታላት የሞተችውን እርሾ ቸል ብላ አታውቅም። ብዙም አያስቸግርም፤ በጠርሙስ ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ ይተኛል፣ እሁድ እሁድ አንድ ማንኪያ የጤፍ ዱቄት ትጨምርለታለች። ከእንጀራው በቆረሰች ቁጥር «የእማዬ እጅ» ትላለች፤ ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

ዛሬ ከሥራ ስትገባ ጠርሙሱን ታጥቦ ተደፍቶ አገኘችው። ባሏ ሊያግዛት ብሎ ፍሪጁን አጽድቶ ኖሯል።

«የተበላሸ መስሎኝ ነው» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ። እሷም እንደ ቀብሩ ቀን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

የልጆቹ ምሳ ግን አይቀርም፤ ማቡካት አለባት። የፎቁ ሰው ሁሉ እንጀራ ገዥ ነው፤ እርሾ የማይጠፋው ከጎረቤቷ ከዘርትሁን ቤት ብቻ ነው። ዘርትሁንን ደግሞ፣ እናቷን ስትቀብር ለቅሶ አልደረሰችኝም ብላ፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላት አታውቅም።

ጨነቃትና ሄዳ አንኳኳች። «እርሾ ቸግሮኝ ነው» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ዘርትሁን ባዶውን ጠርሙስ ተቀበለቻት።

«ውይ፣ ባልሽ ዛሬም አጠበው? አምና ሲያጥበውም እኔው ነኝ የሞላሁለት።»