የሹም ኦም አሥራ ዘጠነኛ ስንብት

የመንግሥቱ ዋና ሚኒስትር ኦም ቴ-ጉን ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሥራ መልቀቅ ይፈልጋሉ፤ ንጉሡ እምቢ ብለዋል። አንዴ ሁለቴ ቢሆን ደግ፤ አሥራ ስምንት ጊዜ!

በጥንቷ የኮሪያ መዲና በሃንያንግ ወግ ትልቅ ሹም ስንብት ሲጠይቅ ንጉሡ ሁለት ሦስት ጊዜ እምቢ ማለታቸው ደንብ ነው፤ ወዲያው እሺ ካሉማ ስድብ ይሆናል። አሥራ ስምንት ጊዜ ግን ከደንብም አለፈ። ዶሮ ሳይጮህ ተነስቶ ቤተ መንግሥት መሮጡ ኦምን አንገሽግሿቸዋል። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከመሞታቸው በፊት ቤታቸው ተቀምጠው ቤታቸውን በሥርዓት ማስተዳደር።

እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ባለፈው በዓል አሳይተዋል። በሦስት ቀን ዕረፍት ውስጥ የጓሮውን የድልህ ጋኖች እንደ ሹማምንት በማዕረግ አሰለፉ፤ ወጥ ቤት ገብተው ጎመን በጨው እንዴት እንደሚታሽ ንግግር አደረጉ፤ ሠራተኞቹን ጠዋት ማታ ስም ጠሩ።

"እሰይ፣ ጌታዬ፤ አሁን ቤቱ ቤት መሰለ" አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሶ። ኦም በደስታ የሚያደርጉትን አጡ።

ግራ ያጋባቸው የንጉሡ መልስ ነበር። "ጉልበቴ ከዳኝ" ብለው ሲጽፉ፣ "ከትናንት በስቲያ ዶሮ ስታሳድድ አጥር ዘለሃል፤ ሥራህን ቀጥል" የሚል ይመጣል። "ጆሮዬ ደነቆረ" ሲሉ ደግሞ፣ "ከሦስት ክፍል ማዶ ስለ ቁንጮህ መሳሳት ሲንሾካሾኩ ሰምተህ ቤቱን ቀውጢ አድርገሃል፤ ሥራህን ቀጥል።"

"ቤቴ ውስጥ ሰላይ አለ!" አሉ ኦም።

"ኧረ ጉድ!" ወይዘሮ ሶ መርፌያቸውን አቆሙ። ለመጪው ክረምት ቀዩን የቤተ መንግሥት ካባ ጥጥ እየሞሉ ይሰፉ ነበር። "ማን ልኮት ይሆን?"

"ማን ይልከዋል፣ ቻ ነው እንጂ!"

የግራው ሚኒስትር ቻ ሱን-ሆ በማዕረግ የኦም ተከታይ ናቸው። ኦም ከወረዱ ወንበሩ የእሳቸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቋምጥ ነበር። ቻ ግን ወገባቸውን ያማቸዋል፤ እንቅልፍ ይወዳሉ፤ ያ ወንበር እንዳይደርሳቸው ሌት ተቀን ይጸልያሉ። ሰሞኑን ደግሞ በሰው ፊት፣ "ክቡርነትዎ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?" ብለው ከት ብለው ሳቁባቸው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ኦም ፍተሻ ጀመሩ። ግድግዳ ጆሮ አለው ብለው ግድግዳውን ሁሉ አንኳኩ። ከሚሞቀው ወለል ሥር ወዳለው የጭስ ቦይ አሽከራቸውን ዶልሴን አስገቡት። ዶልሴ ከሰል መስሎ አንዲት ድመት ይዞ ወጣ።

"ሰላዩ ይኸውልዎ፣ ጌታዬ።"

"አፍህን ዝጋ!"

ኦም ጥቁር ፊቱን ትክ ብለው አዩት። ወይዘሮ ሶ በየወሩ ለንጉሡ እናት አንድ ማሰሮ የአኩሪ አተር ድልህ ይልካሉ፤ ሁለቱ ሴቶች የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ማሰሮውን የሚያደርሰው ዶልሴ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ከቻ ሎሌዎች ጋር የሩዝ ጠላ ሲጠጣ ታይቷል።

"ገባኝ! ማሰሮውን ሰበብ አድርገህ ለቻ ወሬ ታደርሳለህ!"

"እኔ? ጌታዬ፣ ድልህ እንጂ ወሬ ተሸክሜ አላውቅም!"

ማን ሰምቶት። የዚያኑ ዕለት ወደ ገጠር እርሻቸው ሰደዱት፤ ድመቷንም አብረው። ከዚያ በሩን አስዘግተው አሥራ ዘጠነኛውን ማመልከቻ ጻፉ። አሁን ደግሞ "እግሬ ሰለለ" አሉ። ከመስተዋት ፊት ቆመውም ማነከስ ተለማመዱ።

"የቱ አንጀት ይበላል? የቀኙ ወይስ የግራው?"

"የግራው፣ ጌታዬ" አሉ ወይዘሮ ሶ፣ ቀዩን ካባ እየሰፉ። "እኔ እንኳ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።"

በማግስቱ ማሰሮውን የሚያደርስ የታመነ ሰው ጠፋ።

"ታዲያ የእናት ንግሥቲቱ ድልህ ሊቀር ነው?" አሉ ወይዘሮ ሶ።

"ለምን ይቀራል? እኔው እወስደዋለሁ!"

ወይዘሮ ሶ የማሰሮውን አፍ በጨርቅ ጥፍር አድርገው አሰሩት። "መንገድ ላይ እንዳይከፍቱት ብቻ፣ ጌታዬ። ነፋስ ከነካው ይበላሻል።"

የመንግሥቱ ዋና ሚኒስትር አራት ሰው በሚሸከመው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ማሰሮ ታቅፈው በከተማው መሀል አለፉ። ሕዝቡ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሽታውን ቻለ።

ማሰሮውን ለእናት ንግሥቲቱ ደንገጡር አስረከቡ። ንጉሡ ፊት እያነከሱ ገቡ፤ በግራ። ማመልከቻውን ሰጥተው ወጡና ደጅ ጠኑ። ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ።

"በእግርህ አዝነናል። ከመስተዋት ፊት ስትለማመድ ከቀኙ ይልቅ የግራው እንዳማረብህ ሰምተናልና ይህን ምርኩዝ ሸልመንሃል። ነገ በሰዓቱ ግባ።"

ኦም ምርኩዙን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አለቀሱ። ያየ ሁሉ የደስታ ዕንባ መሰለው። ዶልሴ የለ፣ ድመቷ የለች፣ በሩ ዝግ ነበር!

"እንኳን ደስ ያለዎት" አሉ ቻ ከበረንዳው። ደስታቸውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም።

"ይህ ሰው ጠንቋይ ነው" አሉ ኦም በልባቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ምርኩዙን ይዘው፣ በሌላው ከእናት ንግሥቲቱ ዘንድ የተመለሰውን ባዶ ማሰሮ ታቅፈዋል። ወንበሩ በተናወጠ ቁጥር ማሰሮው ውስጥ አንድ ነገር ኮሽ ይላል። ባዶ ማሰሮ ነፋስ አያበላሸውም ብለው ክዳኑን አነሱ። አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ የእናት ንግሥቲቱ የእጅ ጽሕፈት ነው።

"እህቴ ሶ፣ አሥራ ዘጠነኛው ማመልከቻሽም ተፈቅዷል፤ ድልሁ ግን በዚህ ወር ጨው በዝቶበታል።"