የምስክሮቹ አውራ ጣት

ኦዲተሯ፣ የመብራት አገልግሎትን የሚቆጣጠረው የደሴ ጽሕፈት ቤት ያቀረበላትን ሦስት የፍተሻ ሪፖርቶች ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፤ የኩታበር፣ የሐርቡ፣ የቢስቲማ። በሦስቱም ላይ የመብራት ምሰሶዎቹ በአካል ታይተው ደህና መሆናቸው ተጽፏል። ከሥር፣ መጻፍ የማይችል የአካባቢው ምስክር በስሙ ትይዩ አውራ ጣቱን አሳርፏል። የምስክሮቹ ስም ለየቅል ነው። ሦስቱንም የጣት አሻራዎች ግን አንድ ዓይነት ጠባሳ አቋርጧቸዋል።

ቀና አለች። ሪፖርቶቹን የጻፈው ሸበቶ ተቆጣጣሪ ከጠረጴዛው ማዶ ቀኝ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከቶ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ ፋይል የሚያቀብላት በግራው ነበር። የቀለሙን ፓድ ከፍታ ወደ እሱ ገፋችው።

“ጋሼ፣ የዛሬው ምርመራ ቃለ ጉባኤ ላይ አውራ ጣትዎን ያሳርፉልኝ።”

“መጻፍ አያቅተኝም፣ ልጄ። እፈርማለሁ።”

“አውቃለሁ። ዛሬ በጣትዎ ይሁን።”

ከመስኮቱ ሥር ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ማርሽ ሲቀይር ተሰማ። ሰውየው እጁን ቀስ ብሎ ከኪሱ አወጣ። ጣቱ ፓዱ ላይ ሳይደርስ ቆመ።

“መኪና አልነበረንም” አለ። “የፍተሻው ዕቅድ ግን ከግምገማው በፊት መሞላት ነበረበት።”

ከዚያ መሳቢያውን ስቦ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ፊቷ አኖረ። የቢስቲማ ሰዎች፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ስላጋደለው ምሰሶ የጻፉት አቤቱታ ነበር።

“ከደረሰኝ ሰባት ወሩ። አላህ አፉ ይበለኝ። ክረምቱ ሳይገባ ድረሱላቸው።”

ከጽሑፉ ሥር ሠላሳ አንድ የጣት አሻራዎች ተደርድረዋል። አንዱም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም ነበር።