ሦስተኛው ዘፈን ላይ የገባው ድምፅ

ልብስ ሰፊዋ እናት የልጇን የጆሮ ማዳመጫ በሁለት እጇ ጫን አድርጋ ያዘች። የምትሰማው፣ ልጅቷ ጊታሩንም ከበሮውንም እየተጫወተች፣ ከስፌት ክፍሉ ጎን ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ብቻዋን ዘፍና የቀዳችው የመጀመሪያ አልበም ነው። ለአሳታሚው የሚላከው ዛሬ ነው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግን ከጊታሩ ሥር የእናትየው የስፌት መኪና ጠረረረ ይላል።

"ውይ፣ ጉዴ ፈላ! ሰው ምን ይለኛል? አጥፊው!"

"እስከ መጨረሻው ስሚውና አጥፊ ካልሽኝ አጠፋዋለሁ፣ እማዬ።"

"እኔ ደግሞ መቼ ዘፈን ሰምቼ አውቃለሁ? ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ።" ይህን ስትል ሁለት ዓመት ሆናት። ልጅቷ አንድ ዜማ ልታሰማት በመጣች ቁጥር፣ "ይልቅ ነይ ቁልፍ ትከይልኝ" ብላ ነበር የምትመልሳት።

ቅጂው ላይ ልጅቷ ሁለተኛውን ስንኝ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትጀምር የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ አልተነሳም። የጊታሩ የመጨረሻ ክር ድምፅ ሲጠፋ ግን፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው እየተጣደፈ ቀጠለ።

እናትየው ማዳመጫውን አወለቀች፤ ፊቷ ቀልቷል። "ክሩ ተበጥሶብኝ ነው።"

"ሁልጊዜ እኔ ስዘፍን ነው የሚበጠሰው?"

እናትየው ያልተጨረሰውን ቀሚስ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ አገላበጠችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። የልጅቷ ጣት አሁንም የኮምፒውተሩ ማጥፊያ ላይ ነበር።

"አንሺ እጅሽን ከዚያ!" አለቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ላኪው። የእኔም ስም ይግባበት።"