ስኒ ያጣው ማስቀመጫ

ሰው ቤት ሻይ ከቀረበላት ጨልጣ፣ ስኒውን ገልብጣ ቂጡን ሳታይ አትነሣም፤ ቢስቁባትም ግድ የላትም። የድሮ የእንግሊዝ ፖርሴሊን ስኒዎች ትሰበስባለች፤ ከሥሩ የታተመውን ምልክት አይታ ዕድሜውንና የተሠራበትን ፋብሪካ ትናገራለች። ከስብስቧ የጎደለው አንድ ስኒ ብቻ ነው፤ ታናሽ እህቷ ስንዱ ለድግስ ተውሳ ማስቀመጫውን ብቻ የመለሰችላት። «ከሰው ዕቃ ጋር ተቀላቅሎብኝ ነው» ብትላት አላመነቻትም።

«ሸጠሽ በልተሽው ነው!» አለቻት። ከዚያ ወዲህ እንደተኳረፉ ኖሩ።

ዛሬ በስንዱ ለቅሶ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሻይ ሰጧት። ጠጥታ ስትጨርስ እጇ እንደ ልማዱ ስኒውን ገለበጠው። ሰማያዊ የዘውድ ምልክት አለው፤ ከጎኑ ደግሞ ዕቃዋ እንዳይጠፋባት ራሷ የቀባችው ቀይ የጥፍር ቀለም።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለች።

«ለቀስተኛው በዝቶ የኛ አልበቃ ሲል ከላይ ሰፈር እድር የተዋስነው ነው» አሏት የእድሩን ዕቃ የሚጠብቁት እትዬ አስካለ። «የኛን ስኒማ ስንዱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በየለቅሶው አንድ በአንድ ስትገለብጥ ነው የኖረችው፤ ‹የእህቴን ስኒ አይታችኋል?› እያለች።»