የደጋ መስኮት

«እዚህ ቤት ሳል የበረታበት ማነው?»

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ስትጠይቅ እናትየው ሕፃኗን አቅፋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ጎረቤቶች ጆሯቸውን አቁመዋል።

«እኔ ነኝ» አለች ዘርፌ፣ በቅርቡ ከመተማ የመጣችው የእናትየው ባል እህት። «ግን የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁላችንንም መርምሩን።»

ሠራተኛዋ የሁለቱንም ሴቶች አክታ ተቀብላ እንደሄደች እናትየው በሩን ዘጋችው።

«አዋረድሽኝ! ከእንግዲህ ልጆቼን ማን ያስጠጋቸዋል? ሳንባሽን ታመሽ መጥተሽ ነዋ መስኮት ስትከፍቺ የከረምሽው!»

«እታለም፣ ቤቱ ታፍኗል ብዬ ነው እኮ።»

«ይሄ ደባርቅ ነው! እንደ ቆላችሁ ሜዳ ላይ አይታደርም። ልጆቼን በብርድ ልትፈጂብኝ ነው? ሲነጋ ወደመጣሽበት ትሄጃለሽ።»

ቁጣዋ ሳሏን ቀሰቀሰባት። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ «ይኸው፣ ብርዱን አስገብተሽ» አለችና መስኮቱን ዘግታ ስንጥቁን በጨርቅ ጠቀጠቀችው። ከዚያም ጡት የሚጠባውን ልጇን አቅፋ፣ ከዘርፌ ርቃ ተኛች።

ከቀናት በኋላ ሠራተኛዋ ተመለሰች። ወደ ውስጥ ገብታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዘርፌ ጤነኛ ናት። የሳንባ ነቀርሳው የተገኘው ባንቺ ነው፤ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ትጀምሪያለሽ። ልጆቹም ይመርመሩ።»

«እሷ አይደለች እንዴ እኔ ነኝ ያለችው?»

«አስቀድማ ጤና ጣቢያ መጥታ ነበር። ‹የወንድሜ ሚስት ሳል አስፈርቶኛል፤ ጎረቤት ፊት ግን ስሟን እንዳታነሱብኝ› ብላ ለመነችን። የት አለች?»

እናትየው ሕፃኑን ከጡቷ አላቅቃ አንገቷን ደፋች። ዘርፌ በመተማ አውቶቡስ ሄዳለች። ቤት የቀሩት እሷና ልጆቿ ናቸው።