የገደሉ ቀይ ጨርቅ

ጭልፊቷ ከገደሉ ብር ብላ ወጥታ ከበላያችን ትዞራለች። ትጮኻለች። ገብስማዋ ዶሮዬ ድምጿን ስትሰማ ጫጩቶቿን ሰብስባ እንሰቱ ሥር ትገባለች። ዛሬ ግን ጭልፊቷ ዶሮ ፈልጋ አይደለም፤ ዓይኗ ገደሉ ላይ ነው።

ገደሉ ላይ ፀደይ ተንጠልጥላለች። ወገቧን በገመድ ታስራ፣ ድንጋዩን በጣቶቿ ጫፍ ቆንጥጣ። የገመዱን ሌላ ጫፍ እዮኤል ይዞ ከጓሮዬ አጥር አጠገብ ቆሟል። እነዚህ ልጆች ከመናኸሪያ በባጃጅ እየመጡ፣ ግቢዬን አቋርጠው፣ የአላሙራን ተራራ ገደል የሚቧጥጡ ናቸው። ለምን ስላቸው «ስፖርት ነው» ይላሉ። እላይ ሲደርሱ የሚያገኙት ነገር የለም። መልሶ መውረድ ነው።

«እማማ ብርቅዬ፣ ያዩዋታል? ዛሬ ልትጨርሰው ነው» ይለኛል እዮኤል ወደ ላይ እንዳንጋጠጠ። «በዚህ በኩል ወጥቶ የጨረሰ ሰው የለም። እሁድ ከአዲስ አበባ የሚመጡ አሉ፤ እነሱ ሳይቀድሟት ብለን ነው።»

«እነሱም ሥራ የላቸውም?»

ይስቃል። ገመዱን ግን ለአፍታ አያላላም፤ እሱን አልክድም።

ጭልፊቷ ቁልቁል ተወርውራ የፀደይን ቆብ ልትነካ ምንም አይቀራት። ልጅቷ ከድንጋዩ ትለጠፋለች።

«ምን ሆና ነው ይቺ ወፍ?»

«ምን ትሁን? ቤቷ ነዋ! ከልጅቷ በስተቀኝ፣ ኩሷ ነጭ ሆኖ የወረደበት ስንጥቅ አይታይህም?»

«እሱማ ነበር። አሁን እኮ ጫጩቶቿ በረዋል» ይላል። «ስትፈለፍል ጊዜ እዚያ ግራር ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርን። ጨርቁ እስካለ ድረስ በዚህ በኩል ማንም ላይወጣ ተስማማን። ልጆቹ ሲበሩ የሚፈታው ክብሩ ነው፤ ወፎቹን የሚከታተለው። ዛሬ ስንመጣ ጨርቁ የለም። መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው።»

ወደ እንሰቱ አያለሁ።

ጨርቁማ አለ። ከጀርባው፣ እንሰቱ አጠገብ በተከልኩት እንጨት ጫፍ ላይ ይውለበለባል። ግራሩ ላይ ያለ ሥራ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ደህና ጨርቅ ነው። ፈትቼ አመጣሁና ለዚህችው ጭልፊት ማስፈራሪያ አደረግሁት። ምልክት ነው ብሎ የነገረኝ ማን አለ? ግቢዬን ሲያቋርጡ «እንደምን አደሩ» ይላሉ፣ ውሃ ይለምናሉ፤ ይህን ለመንገር ግን አፍ አልነበራቸውም። ይሄም ልጅ ዛሬ ጠዋት በጨርቁ ሥር ነው ያለፈው። እሱ የሚያየው ገደል ብቻ ነው።

ጭልፊቷም ዘመዴ አይደለችም። ከገና ወዲህ ጫጩቶቼን ስትለቅም ከርማለች። የቀረችኝ ገብስማዋና ልጆቿ ናቸው። ጭልፊቷ ቤቷን ጥላ ብትጠፋ እልል ነበር የምለው። አሁን ደግሞ አፌን ይዤ ብቆም ትጠፋለች። እጄን ማንሳት እንኳ አያስፈልገኝም።

ፀሐዩ ከረር ብሎ ገደሉን ይመታዋል። ዓይኔ መርፌ ቀዳዳ አያይም፤ ሩቁን ግን ከማንም ጎረምሳ በላይ ያያል። ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል። ላባ እንኳ አላወጡም፤ የተባዘተ ጥጥ ይመስላሉ። አፋቸውን ከፍተዋል። እናታቸው በክንፏ ጥላ ልትሆናቸው ትመጣለች፣ የፀደይን እጅ ታያለች፣ ትመለሳለች። ደግማ ትመጣለች። ትመለሳለች።

እንሰቱ ሥር ገብስማዋ ክንፏን ዘርግታ ተኝታለች። ልጆቿ አይታዩም፤ ሆዷ ሥር ሲንጫጩ ብቻ ይሰማል።

«እዮኤል።»

«አቤት እማማ።»

«አውርዳት።»

«እንዴ! ልትጨርስ እኮ ነው!»

«ጨርቁን ክብሩ አልፈታውም። እኔ ነኝ። ያውልህ ከኋላህ።»

ይዞራል። መጀመሪያ ጨርቁን፣ ቀጥሎ እኔን ያያል።

«እማማ! ምን ነካዎት?»

«የዶሮ ነገር ነው የነካኝ። ፍርዱን በኋላ ትፈርዳለህ። አራስ ቤት እንዲህ ዘው ተብሎ አይገባም፤ አውርዳት አልኩህ!»

«ፀዲ! ውረጂ! ጫጩቶቹ አልበረሩም!»

«ጫፉ ይኸው!» ትላለች ከላይ። «እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ!»

«እዚያው ናቸው! በቀኝሽ እዪ!»

አንገቷን ታዞራለች። ፊቷ ከስንጥቁ ትይዩ ነው። እንደዚያው ትቆያለች፤ አንድ እጇ ድንጋዩ ላይ፣ አንዱ አየር ላይ። ከዚያ የተዘረጋውን እጇን ትሰበስባለች።

«ያዘኝ» ትላለች ቀስ ብላ።

መሬት ስትረግጥ ጣቶቿ እጅ እንዳያንሸራትት በሚቀቡት ነጭ ዱቄትና በደም ተለውሰዋል። ፊቷ ቀልቷል። እዮኤል እንጨቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ያሳያታል።

«ቀድመው አይነግሩንም ነበር፣ እማማ?»

«እናንተስ?»

የወገቧን ማሰሪያ ትፈታለች።

«እሁድ በግራው በኩል ትወጫለሽ፤ እሱ ክፍት ነው» ይላታል እዮኤል።

«በግራውማ ማንም ወጥቶበታል።»

ገመዳቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ። ደህና ዋሉ የሚለኝ የለም፤ እኔም አልጠበቅሁም። እንጨቱን ነቅዬ ጨርቁን እፈታለሁ፤ ወጥቼ ግራሩ ላይ አስረዋለሁ፤ ያለ ቢላዋ እንዳይፈታ አድርጌ። ስመለስ ጩኸቱ ቆሟል።

ገብስማዋን ከነልጆቿ በቅርጫት እደፋባታለሁ። እላዩ ላይ ድንጋይ እጭናለሁ። ቀና ስል ጭልፊቷ ስንጥቋ ውስጥ ገብታ፣ ጥጦቿን ሥሯ አድርጋ፣ አንገቷን አስግጋ ቅርጫቱን ታያለች።